አማርኛ የሚያነብ ኢንተርፕሪተር መገንባት፦ ጥያቄው የት ደርሷል?

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የራሱን ትንሽ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነድፎ ኢንተርፕሪተሩን እንዲገነባ ማድረግ የቆየ የማስተማሪያ ልማድ ነው። ኢንተርፕሪተር የተሰጠውን ፕሮግራም አንብቦ፣ ወደ ማሽን ቋንቋ ሳይገለብጥ፣ እዚያው የሚፈጽም ፕሮግራም ነው። በኢትዮጵያ ይህ ልማድ ሲነሳ ቋንቋው ለምን አማርኛ አይሆንም የሚል ጥያቄ አብሮ ይመጣል። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጉዳዮች ይደባለቃሉ። አንደኛው በአማርኛ ቁልፍ ቃላት ፕሮግራም መጻፍ ለጀማሪ ይጠቅማል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ያለውን ቋንቋ መገንባት ለገንቢው ምን ያስተምረዋል የሚለው ነው። የመጀመሪያው የ12 ዓመት ልጅን ይመለከታል፤ ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪን። ማስረጃቸውም የየራሳቸው ነው፤ ለአንዱ የተገኘው መልስ ለሌላው አይሠራም። ስለ መጀመሪያው በዓለም ላይ ብዙ ተጽፏል። ስለ ሁለተኛው፣ በተለይ ስለ አማርኛ፣ የተባለው ጥቂት ስለሆነ የዚህ ዳሰሳ ክብደት ወደዚያ ያዘነብላል።

ሐሳቡ ከየት መጣ

ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ ሊስፕ ባሳተመው ጽሑፍ የቋንቋውን ፍቺ በራሱ በሊስፕ በተጻፈ አንድ ፈንክሽን አስቀመጠ። ያሰበው ለወረቀት የሚሆን የንድፈ ሐሳብ መግለጫ ነበር። ባልደረባው ስቲቭ ራስል ግን ፈንክሽኑን በእጁ ወደ አይቢኤም 704 የማሽን ኮድ አዛውሮ አሠራው፤ ሊስፕ ኢንተርፕሪተር ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። አንድን ቋንቋ ጠንቅቆ ለማወቅ ኢንተርፕሪተሩን መጻፍ የሚለው ትምህርት ከዚህ ይጀምራል። ኒክላውስ ቪርት በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ፒኤል/ዜሮ የተባለች ትንሽ ቋንቋ ከነአፈጻጸሟ አቀረበ። ሃሮልድ አቤልሰንና ጄራልድ ሰስማን ከጁሊ ሰስማን ጋር በ1985 ያወጡት የኤምአይቲ መማሪያም አራተኛውን ምዕራፍ ለኢንተርፕሪተር ግንባታ ሰጥቷል።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ወግ አለ። አልፍሬድ አሆና ጄፍሪ ኡልማን እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተሙት የኮምፓይለር መጽሐፍና ተከታዮቹ ንድፈ ሐሳቡን ያስቀድማሉ፤ አውቶማታ፣ መደበኛ ሰዋስው፣ የፓርሲንግ ሠንጠረዥ። በቅርቡ ደግሞ ራሳቸውን ለሚያስተምሩ አንባቢዎች የተጻፉ መጻሕፍት መጡ። የቶርስተን ቦል መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የሮበርት ኒስትሮም ደግሞ በ2021 ወጣ። ኒስትሮም ሎክስ የተባለችውን ቋንቋ ሁለት ጊዜ ይገነባታል። መጀመሪያ በጃቫ፣ የአገባብ ዛፉን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየተከተለ በሚፈጽም ኢንተርፕሪተር ይሠራታል። ቀጥሎ በሲ፣ ፕሮግራሙን ወደ ባይትኮድ ለውጦ ያስኬዳታል። የመጀመሪያው ለመረዳት ይቀላል፤ ሁለተኛው ይፈጥናል።

ከንድፈ ሐሳብ መነሳት ይሻላል ወይስ ከግንባታ? ግንባታን የሚደግፉት በአብዛኛው የሚያቀርቡት የመምህራንን ልምድና የመጻሕፍቱን ተወዳጅነት ነው፤ ሁለት የተማሪ ቡድኖችን አወዳድሮ የተገኘ ጠንካራ ማስረጃ እምብዛም አይጠቀስም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በዚህ ጽሑፍ ለግንባታ የሚቀርበው ክርክርም የተመሠረተው ሥራው በሚያስነሳቸው ጥያቄዎች ላይ ነው።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አውቶማታና የኮምፓይለር ዲዛይን የኮምፒውተር ሳይንስ መደበኛ ትምህርቶች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ በሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ይካተታሉ። ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነው። የምርጫ ጥያቄ ተማሪው የኮምፓይለርን ደረጃዎች ስምና ቅደም ተከተል ማወቁን ይለካል፤ አንዱን ደረጃ በእጁ ሠርቶ ማቆም መቻሉን አይለካም። አዲስ አበባም ሆነ ደሴና ኮምቦልቻ ያለው መምህር የግንባታ ፕሮጀክት ልስጥ ቢል ከፈተና ዝግጅት የሚሻማውን ጊዜ ማስላት አለበት። የፕሮጀክቱ ጥቅም ከዚህ ዋጋ አንጻር መመዘን አለበት።

ፊደሉ ወደ ኮምፒውተር የገባበት መንገድ

ኢንተርፕሪተር መጀመሪያ የሚያነበው ፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ደግሞ ለረጅም ጊዜ በኮምፒውተር ውስጥ አንድ ቋሚ መለያ አልነበረውም። ከሁለት መቶ በላይ ቅርጾች ከላቲኑ ጋር በ256 ቦታ ሊገቡ ስላልቻሉ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የነበሩት ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ይሆናል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ሥርዓት ፊደሉን በላቲን ሆሄያት ወክሎ ለመጻፍና ለመላላክ አስችሏል። ዘላቂው መፍትሔ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ 345 የኢትዮጵያ ፊደላት፣ ሥርዓተ ነጥቦችና አኃዞች ቋሚ ቁጥር አገኙ። ዳንኤል ያዕቆብ ከዚያ በኋላ ለፐርል ቋንቋ የጻፋቸው መሣሪያዎች የፊደሉን ሰባት ቤቶች የሚያውቅ የጽሑፍ ፍለጋና የግዕዝ አኃዝ መለወጫን ይጨምራሉ። አማርኛን የሚመለከት የሌክሰር (የፊደሉን ተከታታይ ወደ ቃላት የሚለየው ክፍል) ሥራ በተግባር ከተሞከረባቸው ቀደምት ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

ዛሬ በፓይተን 3 ቫሪያብልን በአማርኛ መሰየም ይቻላል። ይሁንና ነባሮቹ ቋንቋዎች የፊደላችንን ጠባይ አስበው አልተሠሩም። ጎ (Go) በተባለው ቋንቋ አንድ ስም ከጥቅሉ ውጭ እንዲታይ በትልቅ ፊደል መጀመር አለበት፤ የኢትዮጵያ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ስም ከጥቅሉ መውጣት አይችልም። አማርኛ እንደ ስም ማስጌጫ ሲገባና የቋንቋው ሕግ ሲነደፍ የሚታሰብ ሲሆን ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ጀማሪው በአማርኛ ቢጽፍ

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንለፍ። ስክራች የተባለው የልጆች ፕሮግራሚንግ መድረክ አማርኛን ከቋንቋዎቹ አንዱ አድርጎታል። ሳያሚንዱ ዳስጉፕታና ቤንጃሚን ማኮ ሂል እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት በአምስት አገሮች ያሉ የስክራች ተጠቃሚዎችን አወዳድሮ፣ ቁልፍ ቃላቱን በአገራቸው ቋንቋ ያደረጉት ጀማሪዎች በእንግሊዝኛ ከሚጠቀሙት የአገራቸው ልጆች ይልቅ አዳዲስ ጽንሰ ሐሳቦችን በፍጥነት ማሳየታቸውን አገኘ። ፊሊፕ ጉዎ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ86 አገሮች 840 ሰዎችን ጠይቆ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ተማሪዎች መማሪያ ጽሑፍ ማንበብና ኮድ ማንበብ እንደሚከብዳቸው፣ ቋንቋውንና ሙያውን በአንድ ጊዜ መማርም እንደሚጫናቸው አሳየ። ከመላሾቹ መካከል ፕሮግራሚንግ እንግሊዝኛን አጥብቀው እንዲማሩ እንዳነሳሳቸው የተናገሩም ነበሩ፤ የእንግሊዝኛ ደጋፊዎች የሚጠቅሱት ይህን ነው።

ሦስተኛ ማስረጃ ክርክሩን ያወሳስበዋል። አንድሪያስ ስቴፊክና ሱዛና ሲበርት እ.ኤ.አ. በ2013 ባቀረቡት ጥናት ጀማሪዎች የጃቫና የፐርል ዓይነት አገባብ ሲጠቀሙ፣ ቁልፍ ቃላቱ በዘፈቀደ ከተመረጡለት ቋንቋ ይልቅ ጉልህ ብልጫ ባለው ትክክለኛነት አልጻፉም። በፓይተን፣ በሩቢና በኮረም ግን የተሻለ ጻፉ። ስለዚህ የቃሉ ምርጫ ለጀማሪ ለውጥ ያመጣል፤ ቃሉ የሚታወቅ ቋንቋ ቃል መሆኑ ብቻውን ግን ግልጽ አያደርገውም። አንድን የእንግሊዝኛ ቁልፍ ቃል በመዝገበ ቃላት ፍቺው በአማርኛ የተካ ሰው ድክመቱንም አብሮ ተርጉሞታል።

በኢትዮጵያ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻው የተማረ ልጅ ፕሮግራሚንግን የሚያገኘው ቋንቋው በሚቀየርበት ሰሞን ከሆነ ጫናው ድርብ ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ከሆነ የአማርኛ መድረክ ትርጉም ያለው እርዳታ ነው። ለሕፃናት የአማርኛ ስክራች ይበጃል፤ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን የዳስጉፕታና የሂል ግኝት ስለ ጉዳዩ ምንም አይናገርም።

ቃል መተካት ወይስ ሰዋስው መከተል

አሁን ወደ ገንቢው። በጣም ቀላሉ መንገድ የነባር ቋንቋን ቁልፍ ቃላት በአማርኛ መተካት ነው። ሌክሰሩ ውስጥ ያለው የቃላት ሠንጠረዥ ይቀየራል፤ የቃላቱን አገባብ የሚተነትነው ፓርሰር እንዳለ ይቀራል። ከትምህርት አንጻር ይህ ብዙ አያስተምርም፤ ተማሪው ሥራውን ጨርሶ አንድም የንድፍ ውሳኔ ላይወስን ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ የአማርኛን አረፍተ ነገር አሠራር መከተል ነው፤ ብዙው ትምህርት ያለው እዚህ ነው። በእንግሊዝኛ መሰል ቋንቋዎች ትእዛዙን የሚወስነው ቃል መጀመሪያ ይመጣል። ፓርሰሩ የመጀመሪያውን ቃል አይቶ ቀጥሎ ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል፤ መጻሕፍቱ የሚያስተምሩት ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ፓርሰር ቀላል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው። «3ን ከ4 ጋር ደምር» ሲባል «ደምር» እስኪደርስ ድረስ ቁጥሮቹ ተይዘው መቆየት አለባቸው። ይህን የሚያደርገው የውሂብ መዋቅር ቁልል ነው፤ ቻርልስ ሙር ፎርዝን የሠራው በዚሁ መርህ ነው፣ ማይንድ የተባለው የጃፓንኛ ቋንቋም ፎርዝን መሠረት ያደረገው ግሡ መጨረሻ ከሚመጣበት ከጃፓንኛ አገባብ ጋር ስለሚስማማ ነው። ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1965 የቀመረው ከታች ወደ ላይ የሚገነባው ፓርሲንግም ክፍሎቹን ሰብስቦ ሲያበቃ ነው የሚወስነው። ተማሪዎቻችን ይህን ዘዴ ለፈተና በሠንጠረዥ ይሸመድዱታል። አማርኛን የሚያነብ ኢንተርፕሪተር ሲገነቡ ግን ለምን እንዳስፈለገ ይገባቸዋል።

ከባዱ ክፍል ምዕላዱ ነው። አርዲቦ የተባለው ሐይቅ «ሐይቅ» ተብሎ ወደሚጠራው ሌላ ሐይቅ ይፈሳል፤ ስለዚህ «ከአርዲቦ ወደ ሐይቅ ውሃ አፍስ» የሚል ትእዛዝ እናስብ። «ወደ ሐይቅ ከአርዲቦ ውሃ አፍስ» ብንልም ፍቺው አይለወጥም፣ ምክንያቱም መነሻውን «ከ» ያሳያል፣ መድረሻውን «ወደ»። በተለመዱት ቋንቋዎች የፈንክሽን ግብአቶች የሚለዩት በቦታቸው ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ፕሮግራሙ ይሳሳታል። በምዕላድ መለየት እንደሚቻል ዴሚየን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ2000 በላቲን ሰዋስው ፐርልን በሚጽፈው ፐርሊጋታ አሳይቷል፤ ናዴሺኮ የተባለው የጃፓንኛ ፕሮግራሚንግ ቋንቋም ግብአቶችን በመስተዋድድ ይለያል። አማርኛ ለዚህ ምቹ ይመስላል። ሆኖም «ከ» ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይጻፋል፤ ሌክሰሩ «ከአርዲቦ»ን ሲያገኝ ቆርጦ ማውጣት አለበት። ጸሐፊው «ካርዲቦ» ብሎ ከጻፈስ? «ከ» እና «አ» በአንድ ፊደል ተዋህደዋል፤ ከፊት የሚቆረጥ ፊደል የለም። መጨረሻ ላይም «ሐይቅን» የሚለው «ሐይቅ» ከተሳቢ አመልካቹ ጋር ነው ወይስ ራሱን የቻለ ስም? «ዋጋው ከ100 ከበለጠ» ሲባል ደግሞ የመጀመሪያው «ከ» ማነጻጸሪያ ነው፣ ሁለተኛው ሁኔታ አመልካች፤ ይህን ሌክሰር ብቻውን አይፈታውም።

ለዚህ ሦስት አቋሞች መውሰድ ይቻላል። ምዕላዶቹን በክፍተት ወይም በሰረዝ ለይቶ ማስጻፍ ፓርሰሩን ያቀላል፤ አጻጻፉን ግን ባዕድ ያደርገዋል። የአማርኛ ሥነ ምዕላድ ተንታኝ ፕሮግራም ማስገባት አጻጻፉን ይጠብቃል፤ ነገር ግን አሻሚነትን ይዞ ይመጣል፣ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ደግሞ አሻሚ መሆን አይችልም። ሦስተኛው ስሞች አስቀድመው እንዲታወጁ ማድረግና «ሐይቅን» ሲገኝ ከታወጁት ጋር ማመሳከር ነው። እንደ እኔ ለመማሪያ ፕሮጀክት የሚሻለው ሦስተኛው ነው፣ ምክንያቱም ተማሪው የስም ሠንጠረዥን ጥቅም በሥራ ላይ ያየዋል። ሌክሰሩ የስም ሠንጠረዡን እንዲያይ ማድረግ ግን በደረጃዎቹ መካከል ያለውን ግድግዳ ያፈርሳል፤ ይህን የማይወዱ ብዙ ናቸው፣ ተቃውሟቸውም መሠረት አለው።

የአንድ ስም ስድስት አጻጻፍ

«ሐይቅ» የሚለው ስም በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀና በኃ ሊጀመር ይችላል፤ ድምፁ በአማርኛ አንድ ነው። ለዩኒኮድ ግን ስድስቱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ የትኛውም የዩኒኮድ ማስተካከያ ሕግ አያዋህዳቸውም። ተማሪው በአንድ መስመር «ሐይቅ» ብሎ አውጆ በሌላው «ሀይቅ» ብሎ ቢጽፍ ኢንተርፕሪተሩ አላውቀውም ይላል። ሁሉንም በሌክሰሩ ውስጥ ወደ አንድ ፊደል መለወጥ ቀላል ነው፤ ለጀማሪም ይመቻል። ግን «ሠዓሊ» እና «ሰአሊ» የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሥዕል የሚሥል፣ ሌላው የሚለምን። መለየታቸው የሚገድደው ሰው ስሞቹ ሲዋሃዱበት አይወድም። መካከለኛው መንገድ አጻጻፉን እንዳለ ጠብቆ፣ ያልታወቀ ስም ሲገኝ በሞክሼ ፊደል የሚመሳሰለውን ፈልጎ በስህተት መልእክቱ መጠቆም ነው። የተሻለው ይህ ይመስለኛል፤ ተማሪውም የስህተት መልእክት ማዘጋጀት የኢንተርፕሪተር ግማሽ ሥራ መሆኑን ይማርበታል።

አኃዙና ባሕረ ሐሳቡ

ከአርዲቦ አቅራቢያ ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ይገኛል፤ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280/81 ነው። እንዲህ ያሉ የአራቱ ወንጌላት መጻሕፍት በልማዳቸው ከፊት ወንጌላቱን እርስ በርስ የሚያመሳክሩትን የአውሳብዮስን ሠንጠረዦች ይይዛሉ፤ ረድፍ በረድፍ የግዕዝ አኃዝ። አኃዙ ዛሬም በምዕራፍ፣ በዘመንና በቀን መቁጠሪያ ላይ አለ። ኢንተርፕሪተሩ ይቀበለው?

ዩኒኮድ ራሱ እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ቆሟል። ፓይተን ፩ አሃዝ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አዎ ይላል፤ ወደ ሙሉ ቁጥር ለውጠው ሲባል ግን ስህተት ያወጣል፣ ምክንያቱም ፩ በአሥር ቤት የሚቆጠር ቦታ ያለው አሃዝ ሆኖ አልተመዘገበም። ከ፩ እስከ ፱ ያሉት በስም ውስጥ ከመጀመሪያው ፊደል በኋላ ይፈቀዳሉ፤ ፲ እና ከእርሱ በላይ ያሉት አይፈቀዱም። «ሀ፱» ትክክለኛ ስም ነው፣ «ሀ፲» ግን አይደለም። ፳፻፲፯ን ማንበብ ደግሞ ሃያን በመቶ አባዝቶ አሥርና ሰባትን መደመር ይጠይቃል፤ ይህ ራሱ ትንሽ ፓርሰር ነው። በተግባር አንባቢው የሚያሰላው በ0 እስከ 9 ስለሆነ የግዕዝ አኃዝን እንደ ተጨማሪ አጻጻፍ መቀበል ይበቃል የሚለው አቋም ሚዛን ይደፋል። ዜሮ በአኃዙ ውስጥ የለም፤ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት የባሕረ ሐሳብ ስሌት ባለሙያዎች ግን ባዶውን «አልቦ» ብለው ይይዙታል።

ይህ ስሌት ለአዲሱ ኢንተርፕሪተር ጥሩ መፈተኛ ፕሮግራም ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ በ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው አንድ ሲነሳ ወንበር ይገኛል። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይሆናል። ለ2017 ዓ.ም. ቀሪው 12፣ ወንበር 11፣ አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29 ነው። ይህን ማንኛውም ኢንተርፕሪተር ያሰላዋል። 2006 ላይ ግን ቀሪው 1፣ ወንበር አልቦ ይሆናል፤ መጥቅዕ በሥርዓቱ 30 ሲሆን ማሽኑ 0 ይላል። 2005 ይብሳል። ቀሪው 0 ስለሆነ ወንበር 18፣ መጥቅዕም 12 መሆን ሲገባው፣ ያላሰበበት ፕሮግራም ወንበርን ከዜሮ በታች 1 ያደርገዋል። ከዚያ መጥቅዕ ኢንተርፕሪተሩ በፓይተን ከተጻፈ 11፣ በጎ (Go) ከተጻፈ ከዜሮ በታች 19 ይወጣል፤ ሁለቱም ስህተት ነው፣ የተለያየውም ሁለቱ ቋንቋዎች የአሉታዊ ቁጥርን ቀሪ የሚያሰሉበት ሕግ ስለሚለያይ ነው። አዲሱ ቋንቋ ከተሠራበት ቋንቋ ሳይጠየቅ ሕግ እንደሚወርስ ተማሪው እዚህ ያያል። የነነዌና የፋሲካ ቀን እስኪወጣ ሲቀጥል ደግሞ ሁኔታ፣ ሠንጠረዥና ፈንክሽን ሁሉ ያስፈልጉታል፤ መልሱንም ከታተመ የቀን መቁጠሪያ ጋር ማመሳከር ይችላል። የ2005 ፋሲካ ሚያዝያ 27፣ የ2006ና የ2017 ሚያዝያ 12 ነበር።

ገና ያልተዘጋው

ዛሬ ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች የሎክስን ዓይነት ኢንተርፕሪተር በደቂቃዎች ያቀርባሉ፣ የተማሩበት ምሳሌ ብዙ ነውና። አንዳንዶች ፕሮጀክቱ ስለዚህ የመማሪያ ዋጋውን አጥቷል ይላሉ። ለተለመደው ዓይነት ክርክሩ ከባድ ነው። «ካርዲቦ»ን ለሚፈታ ሌክሰር ግን የተዘጋጀ መልስ የለም፤ መሣሪያው ኮዱን ቢጽፍም የትኛው አቋም እንደሚያዝ የሚወስነው ተማሪው ነው። ምዘናውም ከኮዱ ይልቅ የውሳኔው ምክንያት በጽሑፍ በቀረበበት ሰነድ ላይ ሊሆን ይችላል።

የመክተብ ዋጋም አለ። አብዛኛው የአማርኛ ፊደል ከአንድ በላይ የቁልፍ ምት ይፈልጋል፤ በቅንፍና በእኩል ምልክት መካከል ኪቦርድ መቀያየር ያሰለቻል። ። እና ፤ ራሳቸው የአረፍተ ነገር መዝጊያ ቢሆኑ መቀያየሩ ይቀንሳል፤ ግን የትኛው የትኛውን መዝጊያ ይተካ፣ «፦» ብሎክ ይክፈት ወይስ እሴት ይስጥ በሚለው ላይ ስምምነት የለም። አንድ ክፍል ያወጣውን ሕግ ሌላው ክፍል የሚያገኝበት የጋራ መግለጫ እስከሌለ ድረስ እያንዳንዱ ተማሪ ከ«ሐይቅ» እና ከ«ሀይቅ» ጥያቄ እንደገና ይነሳል። መግለጫውን ማን ያውጣ፣ የዩኒቨርሲቲ ክፍሎች ወይስ የፊደሉን ሥራ ሲሠሩ የቆዩት ባለሙያዎች፣ የሚለውም መልስ ይጠብቃል።